ያረጀ ጌሾ፣ የደከመ መሬት

በጉንደ ወይን ዙሪያ የአንድን ቤት ጓዳ ለማወቅ ወደ ውስጥ መግባት ግድ አይደለም፤ ዞር ብሎ ጓሮውን ማየት ይበቃል። ጎመኑ ለምለም ከሆነ ወጥ አለ። ነጭ ሽንኩርቱ ካማረ ድልሁ ይጣፍጣል። ከአጥሩ ሥር ጌሾ ካለ ደግሞ ጠላ አለ፤ ጠላ ካለ ማኅበር ይጠጣል፣ ተዝካር ይወጣል፣ ደቦ ይጠራል። ጎመኑ በየዓመቱ ይዘራል፣ ነጭ ሽንኩርቱ በየዓመቱ ይነቀላል። ጌሾው ግን ከዓመት ዓመት እዚያው ነው። ሙሽራዋ ስትገባ ነበረ፤ አማቷም በሙሽርነቷ ስትገባ ያገኘችው እሱኑ ነው።

የሚረሳውም እዚያው በመኖሩ ነው። ስለ ስንዴና ስለ ጤፍ ዘር በየቀበሌው ስብሰባ ይደረጋል፤ ስለ ድንች ዘር ባለሙያ ይመጣል። ከአጥሩ ሥር ያለው ረድፍ ግን ቅጠሉ ሲያንስ "ዘንድሮ ዝናቡ ነው" ይባልለታል፤ በሚቀጥለው ዓመት "ብርዱ ነው"፤ በሦስተኛው አንዱ ጉቶ ይደርቅና ይነቀላል። በቦታው ችግኝ ይተከላል። ችግኙ በመጀመሪያው ክረምት ይቆማል፣ በጋውን ይከርማል፣ ሁለተኛውን ክረምት ሳይጨርስ ይገረጣል። ያኔ የዓይን ነገር ነው የሚሉ ይኖራሉ።

የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ ያ ችግኝ ነው። ሞቱን የሚያመጡ ምክንያቶች ከመሬት በታች ናቸው፤ አብዛኞቹም ሊታዩ፣ ሊፈተኑና ሊታለፉ የሚችሉ ናቸው።

ጉንደ ወይን የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ በምሥራቅ ጎጃም ዞን። በአንድ ወገን የጮቄ ተራራ አለ፣ በሌላው የዓባይ ሸለቆ፤ ስለዚህ ደጋውም፣ ወይና ደጋውም፣ ቆላውም በአንድ ወረዳ ይገናኛሉ። ስሟ ግእዝ ነው፤ ጉንድ ግንድ ነውና የወይን ግንድ ማለት ነው። ወይና ደጋ የሚለውም የአየር ንብረት ስም ወይንን በውስጡ ይዟል። የቡና አገር ገበሬዎች ያረጀን ቡና ከታች ቆርጦ ማደስን ጉንደላ ይሉታል፤ ይህም ቃል ግንድ ግንድ ይሸታል። ስለ ቋሚ ተክል እርጅና ለመናገር በስሟ ግንድ ከተሸከመች ከተማ መጀመር የሚገባ መስሏል።

ጌሾ የዱር ዘመዶቹ ከኢትዮጵያ እስከ ደቡብ አፍሪካ በደጋማ ደኖች ጠርዝ የሚበቅሉ ቁጥቋጦ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ራምነስ ፕሪኖይደስ ይባላል፤ ስሙን እ.ኤ.አ. በ1789 ያወጣለት ፈረንሳዊው የዕፅዋት ሊቅ ሌሪቲዬ ነው። በደቡብ አፍሪካ አፍሪካንስ ተናጋሪዎች ብሊንክብላር ይሉታል፤ የሚያብለጨልጭ ቅጠል እንደ ማለት ነው። እውነትም በመስከረም ፀሐይ፣ ዝናቡ ጠራርጎ ካጠበው በኋላ፣ የጌሾ ቅጠል ቅቤ የተቀባ ይመስላል። ፍሬው ትንንሽ ክብ ነው፤ መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ቀይ፣ ሲበስል ወደ ጥቁር ያደላል። ወፎች ይወዱታል፤ ዘሩንም የሚበትኑት እነሱ ናቸው።

ቅጠሉ ለጠላ፣ እንጨቱ ለጠጅ ይውላል። የጠላ ጥንስስ የሚጀመረው በተወቀጠ ጌሾና በውሃ ነው፤ ብቅሉና ቂጣው፣ እንኩሮውም የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ለምን ጌሾ ይቀድማል? መራራ ስለሆነ ብቻ አይደለም። መጠጡን የሚያበላሹ ባክቴሪያዎችን ይገታል፣ እርሾው ቦታውን እስኪይዝ ድረስ ጊዜ ይሰጠዋል። የመራራነቱን ምንጭ የለዩት የኢትዮጵያ ኬሚስቶች ናቸው፤ ብርሃኑ አበጋዝና ታረቀኝ ከበደ እ.ኤ.አ. በ1995 በኢትዮጵያ ኬሚካል ማኅበር መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ ንጥረ ነገሩን ጌሾይዲን ብለው ሰየሙት። የአንድ ጓሮ ቁጥቋጦ በዓለም የኬሚስትሪ መዝገብ ውስጥ በአማርኛ ስሙ ገባ ማለት ነው።

እንግዲህ ይህ ተክል ሲያረጅ እንዴት ይታወቃል?

ቅርፊቱ ላይ ሽበት ይወጣል፤ ገበሬው የዛፍ ሽበት የሚለው ያ ግራጫ ነገር። የቅርንጫፎቹ ጫፍ ይደርቃል፣ አንዳንዱ ላይ ተቀጽላ ይቀመጣል። ቅጠሉ ከዓመት ዓመት ያንሳል፣ ይሳሳል፣ ከእንጨቱ ጋር ሲመዘን እንጨቱ ያመዝናል። ለዚህ ትልቁ ምክንያት የለቀማው ዓይነት ነው። ቅጠል የተክሉ ማጀት ነው፤ ምግቡ የሚበስለው እዚያ ነው። ስንዴ ሲታጨድ ሥራውን ጨርሶ ነው። ጌሾ ግን የሚለቀመው ገና ምግቡን እያበሰለ ነው። ለፋሲካ ተለቅሞ፣ ለክርስትና ተለቅሞ፣ ገበያ ተወስዶ፣ እንደገና ለሠርግ ሲለቀም ሥሩ ያከማቸውን እያወጣ ነው አዲሱን ቅጠል የሚያለብሰው። ሥሩ የሚያከማችበት ዕረፍት ካላገኘ በየዓመቱ ትንሽ እያነሰ ይመጣል።

ለዚህ የጎጃም እናቶች ጥንታዊ መድኃኒት አላቸው፤ መቁረጥ። ጌሾ ከታች ተቆርጦ ያቆጠቁጣል፣ ለጋ ቀንበጥ ይሰጣል፣ የለጋው ቅጠል ሰፋ ይላል። ይህ ትክክል ነው። ሆኖም አቆራረጡ ልዩነት አለው። በጉቶው ላይ መጥረቢያ ደጋግሞ ሲያርፍ እንጨቱ ወደ ታች ይሰነጠቃል፤ በክረምት ውሃው በስንጥቁ ይገባል፣ ከውሃው ጋር ፈንገሱ ይከተላል። እንደዚህ ያለ ጉቶ ከጥቂት ዓመት በኋላ በመጋዝ ሲቆረጥ ታሪኩን ይናገራል። ዳር ዳሩ ነጭና እርጥብ ነው፣ ቀንበጦቹም የተንጠለጠሉት በዚያ ቀለበት ላይ ነው። መሃሉ ግን ቡናማ ነው፤ በጥፍር ሲነካ እንደ ዱቄት ይፈርሳል። ከውጭ ሲያዩት የሚያቆጠቁጥ ጉቶ፣ ከውስጥ ባዶ ቧንቧ ነው። አንድም ስንጥቅ የሌለው፣ ለስላሳ፣ ሰያፍ የሆነ የመጋዝ ቁርጥ ውሃውን ወደ ጎን ያንሸራትተዋል፤ ስለዚህ መጋዝ ከጎረቤት መዋስ ዋጋ አለው።

የቡና ጉንደላ የሚመከረውም እንዲሁ ነው፦ ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ሰያፍ ተደርጎ ይቆረጣል፤ ከሚወጡት ቀንበጦች ሁለት ሦስት ጠንካሮቹ ተመርጠው ሌላው ይነቀላል። ገበሬው ሁልጊዜ የሚያነሳው ጥያቄ ግን አግባብ ያለው ነው። እስኪያፈራ ሁለት ሦስት ዓመት ምን ይበላል? ለዚህ ነው ማሳውን በሙሉ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየዓመቱ ከፊሉን መጎንደል የሚመከረው። ይህንን ሐሳብ አንባቢ ይያዝልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

መቁረጥ ግን የሚያድሰው ተክሉን ነው። መሬቱን አያድስም። ተክሉ አርጅቶ መሬቱ ደህና ሲሆን ጉንደላ ይበቃል። መሬቱ ራሱ ለዚያ ተክል ሲደክም ግን ጉቶውን ቆርጦ መጠበቅም፣ ነቅሎ በዚያው ጉድጓድ መተካትም ከንቱ ድካም ነው። ይህን ልዩነት ከማንም በላይ በግልጽ ያስተማረው ጎጃም የማያበቅለው አትክልት ነው።

አስፓራገስ ለጎጃም ገበሬ እንግዳ ነው፤ ዘመዱ ግን እንግዳ አይደለም። በየቁጥቋጦው የሚጠላለፈው፣ እሾሃሙ፣ ቅጠሉ እንደ መርፌ የቀጠነው፣ ትናንሽ ነጭ አበባና ቀይ ፍሬ ያለው የሴት ቀስት የዚሁ ወገን ነው፤ በኦሮምኛ ሰሪቲ ይባላል። በከተማ የሠርግ እቅፍ አበባ ጀርባ እንደ ላባ ተዘርግቶ የሚታየው አረንጓዴም የቅርብ ዘመዱ ነው። የሚበላው አስፓራገስ ደግሞ በአውሮፓና በአሜሪካ ጓሮዎች የሚወደድ ነው፤ ቀንበጡ ከመሬት ብቅ ሲል፣ ቅጠል ሳይፈታ፣ ተቆርጦ ይበላል።

ከጌሾ ጋር የሚያመሳስለው ትዕግሥት መጠየቁ ነው። በተተከለ በመጀመሪያው ዓመት ምንም አይቆረጥም። በሁለተኛው ጥቂት ይቀመሳል። ሙሉ ምርት የሚሰጠው በሦስተኛው ነው። ከዚያ በኋላም በዓመት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ብቻ ይቆረጥና ይተዋል፤ የቀረው ቀንበጥ አድጎ ላባ መስሎ እስኪዘረጋና ሥሩን እስኪመግብ ማንም አይነካውም። እንዲህ የተያዘ መደብ 15 ዓመት፣ ሲያምርለት 20 ዓመት ያበላል። ጌሾን ለሚለቅም ሰው ከዚህ የሚወሰደው የመጀመሪያ ትምህርት ይኸው ነው፦ የመልቀሚያ ወር እንዳለ ሁሉ ያለመንካት ወርም አለ።

ከዚያ እርጅና ይመጣል። አውራ ጣት የሚያህለው ቀንበጥ እርሳስ ያህላል፣ ቀጥሎ እንደ ስንደዶ ይቀጥናል። ሥረ ግንዱ በየዓመቱ አዲስ እንቡጥ የሚያወጣው ከአሮጌው በላይ ስለሆነ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይመጣል፤ በ15 ወይም በ20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት የተተከለው ከዓመታት በኋላ ዶማ የሚነካው ይሆናል። የሴቴዎቹ ቀይ ፍሬ እየረገፈ በዙሪያው ችግኝ ይበቅላል፤ ልጆቹ ከእናታቸው ጋር በአንድ ማዕድ ይሻማሉ።

እንዲህ ያለ አሮጌ ሥር በአካፋ ሲወጣ የሚታየውን ማየት ጠቃሚ ነው። ከመሃል ቋጠሮው በሁሉም አቅጣጫ እርሳስ የሚያህሉ ወፍራም ሥሮች ተዘርግተዋል፤ አንዳንዱ ከአንድ ሜትር ያልፋል። ጤነኛው ነጣ ያለ፣ ሲጫኑት ጠንካራ፣ ሲሰበር ውሃ የሚያወጣ ነው፤ የተክሉ ጎተራ እሱ ነው። የታመመው ግን ሲጨመቅ ጠፍጣፋ ይሆናል። ልጡ ብቻ ቀርቷል፣ ውስጡ ቀይ ቡናማ ሆኖ ባዶ ነው። ጎተራው ተዘርፏል። ዘራፊው ፉዛሪየም የሚባል ፈንገስ ነው፤ ተክሉ ከተነቀለ በኋላም በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት እንቅልፍ ላይ ሆኖ ይቆያል። አዲስ የአስፓራገስ ሥር ሲደርስበት ይነቃል።

ፈንገሱ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ ሚሺጋን የተደረጉ ጥናቶች የአስፓራገስ ሥር ራሱ የሚተዋቸው ኬሚካሎች የገዛ ወገኑን ችግኝ እድገት እንደሚገቱና ለፉዛሪየም ይበልጥ እንደሚያጋልጡት አሳይተዋል። አሮጌው ተክል ሞቶም ቦታውን ለልጁ አይለቅም። ስለዚህ የአስፓራገስ አትክልተኞች ሕግ አጭር ነው፦ አዲሱን በአሮጌው ቦታ አትትከል። ሌላ ቦታ ፈልግ፤ አሮጌው ገና እያበላ ሳለ ከሦስት ዓመት በፊት ጀምር። ሦስቱ ዓመት ሲያልቅ አዲሱ ሙሉ ምርት ይሰጣል፣ አሮጌው ይሰናበታል። ብልህ የሆነው አትክልተኛ በመጨረሻው ዓመት ከአሮጌው መደብ የወጣውን ቀንበጥ ሁሉ ሳይተው ይቆርጣል፤ ለሚነቀል ሥር ስንቅ ማስቀመጥ አያስፈልግምና።

ከቡናው ጉንደላ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም የሚሉት አንድ ነው፤ ምትኩ የሚዘጋጀው አሮጌው በእጅ ሳለ ነው።

በጎጃም ደጋ አስፓራገስ መሞከር የሚሻ ሰው ቢኖር ሁለት ነገር ይጠብቀዋል። አንዱ የአፈሩ አሲዳማነት ነው፤ አስፓራገስ አሲድ አይወድም፣ የምሥራቅ ጎጃም ደጋ አፈር ደግሞ በብዙ ቦታ አሲዳማ ነው። ለዚህ የኖራ ድንጋይ በራሱ በዞኑ፣ በደጀን አካባቢ አለ። ሌላው የክረምቱ ውሃ ነው፤ ሥሩ ውሃ በቋጠረ ዋልካ ውስጥ ይበሰብሳል፣ ስለዚህ ከፍ ያለ መደብ ያሻዋል። ብርድ ባለበት አገር ቅዝቃዜው ያስተኛዋል፤ በፔሩ በረሃማ ጠረፍ ገበሬዎች የመስኖ ውሃ በመከልከል ያሳርፉታል። የጎጃም ረጅም በጋም ውሃ ካልተሰጠው ይህንኑ ዕረፍት ሊሰጠው ይችላል።

ለጌሾ ግን ከአስፓራገስ ይልቅ የሚቀርብ የሥራ ባልደረባ አለ። እሱም ሆፕስ ነው፤ የአውሮፓን ቢራ የሚያመርረው፣ ሥሩ ለዓመታት መሬት ውስጥ የሚቆይ፣ ሐረጉ በየዓመቱ የሚወጣ ተክል። ጌሾ ለጠላ የሚሠራውን ሆፕስ ለቢራ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1924 በእንግሊዝ አገር በኬንት አውራጃ አንድ የማጠውለግ በሽታ በሆፕስ ማሳ ላይ ታየ። ቨርቲሲሊየም የተባለው ፈንገስ ያመጣው ነበር፤ በቀጣዮቹ ዓመታትም ክፉው ዝርያው ማሳ ከማሳ እያዳረሰ ሄደ። ገበሬው የታመመውን ነቅሎ ያቃጥላል፣ አዲስ ይተክላል፣ አዲሱም ይጠወልጋል። ፈንገሱ በአፈሩ ውስጥ ነበርና። መውጫው የተገኘው በዋይ ኮሌጅ በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን ከማዳቀል ነው፤ ይህም ከአንድ ሰው የሥራ ዘመን የማያንስ ጊዜ ወሰደ። በሽታው በማሳ ንጽሕና ላይም ጥብቅ ልማድ አመጣ፤ ጫማና መሣሪያ ሳይታጠብ ከማሳ ወደ ማሳ አይኬድም ተባለ። በጭቃ የተለወሰ ዶማ ከጎረቤት ጓሮ ወደ ጓሮ በሚዋዋሱበት አገር ይህ ምክር ቀላል አይደለም። ዶማን በውሃና በአመድ ማጠብ የሚወስደው ጊዜ ቡና እስኪፈላ ያህል እንኳ አይሆንም።

ምሳሌው ከኬንት ይልቅ ለጉንደ ወይን በቀረበ ስፍራም አለ። በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬዎች ዲከረንስ የሚሉትን ግራር በማሳቸው ይተክላሉ። አሠራራቸው ለማንኛውም የመሬት ባለቤት ትምህርት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙ ከጤፍ ጋር አብሮ ይበቅላል፤ ቀጥሎ በመሃሉ የበቀለው ሣር ይታጨዳል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉ ተቆርጦ ከሰል ይሆናል፣ መሬቱም እንደገና ለእህል ይመለሳል። ግራሩ ናይትሮጅን ስለሚያስገባ መሬቱ አርፎ ይመለሳል። ተክሉ ሳያረጅ ይነሣል፣ ቦታው ይቀያየራል። ያም ሆኖ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዋግ መሰል በሽታ ገብቶ ብዙ ማሳ አድርቋል። ቦታን ማቀያየር ከአፈር የሚመጣውን ሥጋት ይቀንሳል፤ አንድ ዓይነት ተክል ብቻ አገሩን ሲሞላ በነፋስ የሚመጣውን ግን አይከለክልም። ስለዚህ የጌሾው ዘር ከአንድ እናት ብቻ ባይወሰድ፣ ከሦስት አራት ጓሮ ቢሰበሰብ ይመረጣል።

ወደ ጉንደ ወይን ጓሮ እንመለስ። ችግኙ ሞቷል፤ ጥያቄው ለምን ነው። ሦስት ተጠርጣሪዎች አሉ። የመጀመሪያው ረሃብ ነው፦ ለዓመታት ቅጠሉ እየተወሰደ ምንም ያልተመለሰለት አፈር። ሁለተኛው አሲድ ነው። ሦስተኛው ሕያው ጠላት ነው፤ በበሰበሰው ጉቶና በተቆረጡ ሥሮች ላይ የሚኖር ፈንገስ። አርሚላሪያ የሚባለው የሥር አበስባሽ በኢትዮጵያ በተተከሉ ደኖች ውስጥ መኖሩ በምርምር ተረጋግጧል፤ ከሞተ ጉቶ ተነሥቶ ወደ ሕያው ሥር የሚሻገር ነው። ለእያንዳንዳቸው መድኃኒቱ ይለያያልና መለየት ያስፈልጋል። ለመለየት ቤተ ሙከራ አያሻም፤ አራት የቲማቲም ጣሳና አንድ ምጣድ ይበቃል።

አራቱም ጣሳ ከታች ይበሳል። አንደኛው ከአሮጌው ረድፍ ሥር፣ ከሞተው ችግኝ ጉድጓድ በተወሰደ አፈር ይሞላል። ሁለተኛው በዚሁ አፈር፣ ግን ጥቂት አመድና ብዙ ብስባሽ ተጨምሮበት። ሦስተኛውም በዚሁ አፈር ይሞላል፤ መጀመሪያ ግን አፈሩ እርጥብ ሆኖ በምጣድ ላይ ተከድኖ፣ በእጅ የማይነካ ያህል እስኪሞቅና እንፋሎት እስኪያወጣ ድረስ ግማሽ ሰዓት ይቆያል። እንዲህ ያለ ሙቀት አብዛኛውን የአፈር ፈንገስና ትሎች ይገድላል። አራተኛው፣ ለማወዳደሪያ፣ ጌሾ ተተክሎበት በማያውቅ የዚያው ጓሮ አፈር ይሞላል። በአራቱም እኩል የሆኑ ችግኞች ይተከላሉ፣ እኩል ውሃ፣ እኩል ጥላ ያገኛሉ።

ከሦስት አራት ወር በኋላ ጣሳዎቹ ይናገራሉ። በአመድና በብስባሽ የተረዳው ከአንደኛው በግልጽ ከበለጠ አፈሩ ርቦት ወይም አሲድ በዝቶበት ነበር፤ መሬቱን መመገብ ያድነዋል፣ ረድፉም ባለበት ሊቀጥል ይችላል። በምጣድ የሞቀው እጅግ ከበለጠ ግን ጠላቱ ሕያው ነው። ሙቀቱ ራሱ ጥቂት ምግብ ከአፈሩ ስለሚፈታ ትንሽ ብልጫ አያሳስት፤ የሚፈለገው ዓይን የማይስተው ልዩነት ነው። በመጨረሻም ችግኞቹ ተነቅለው ሥራቸው ታጥቦ ይታያል። ነጭ ሥርና ቡናማ ሥር ጎን ለጎን ሲቀመጡ ለማንበብ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም። የአፕል ተክል ተመራማሪዎች ያረጀ ማሳን እንደገና ለመትከል ሲያስቡ የሚያደርጉት ፈተና በመሠረቱ ይኸው ነው፤ የሞቀና ያልሞቀ አፈር ያወዳድራሉ።

ጠላቱ ሕያው ከሆነ አዲሱ ረድፍ ሌላ ቦታ ይሂድ። እዚህ ላይ ትልቁ እንቅፋት እውቀት አይደለም፣ መሬት ነው። በጎንቻ ሲሶ እነሴም ሆነ በሌላው ጎጃም ጓሮ ጠባብ ነው፤ ለሦስት ዓመት ሁለት የጌሾ ረድፍ ማቆየት ለእማወራዋ ከጎመኗ ቦታ መቀነስ ነው። ይህ እውነተኛ ዋጋ ነው፣ ማቃለልም አይገባም። ሆኖም ጌሾ ሙሉ መደብ አይፈልግም፤ በአጥሩ በሌላኛው ጎን አንድ ሜትር ስፋት ያለው መስመር ይበቃዋል። ያለውን አንድ ረድፍ ባዶ አድርጎ ለፋሲካ ጌሾ ከመሸመትም ይሻላል።

ዘሩ የሚወሰደው ፍሬው ሲጠቁር ነው፤ ቅጠሏ ሰፊ፣ በምላስ ሲነካ መራራ፣ ለዓመታት ጉቶዋ ያልተሰነጠቀ ጤነኛ እናት ከየጓሮው ትመረጣለች። ሥጋው በውሃ ታጥቦ ይወጣል፣ ዘሩ በጥላ ይደርቃል። በጥር ወይም በየካቲት በችግኝ መደብ ወይም በፕላስቲክ ከረጢት ይዘራል፤ ክረምቱ ሲገባ፣ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ፣ ወደ ቋሚ ቦታው ይዛወራል። ከአሮጌው ረድፍ ሥር በራሱ የበቀለ ችግኝ መንቀል ቀላል ይመስላል። አፈሩ ከተጠረጠረ ግን ያን ችግኝ ማዛወር በሽታውን በእጅ ይዞ መሄድ ነው።

ከተተከለ በኋላ ሁለት ክረምት ሳያልፍ ቅጠሉ ባይለቀም ይመረጣል። የሚለቀምበት ጊዜ ሲመጣም ከእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ላይ ቅጠል እየተወ መልቀም፣ ከትልቁ ለቀማ በኋላም ዝናቡን ይዞ እስኪያገግም መተው ያረዝመዋል። በአሮጌው ቦታ ላይ ጉቶው ከነሥሩ ተቆፍሮ ይወጣል፤ ሥሩ እስከሄደበት ይከተሉታል፣ የተቆረጠ ሥር አፈር ውስጥ ቀርቶ ፈንገሱን እንዳይቀልብ። የወጣው ይቃጠላል፣ ብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ አይገባም። ከዚያ ባቄላ፣ ቀጥሎ ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርት ይዘራበት። ጌሾ አይመለስበትም፤ ቢያንስ የጣሳው ፈተና ከዓመታት በኋላ እንደገና ተደርጎ ደህና ነው እስኪል ድረስ።

በዚሁ በጎጃም ምድር ያለ አንድ ቦታ ደግሞ ይህን ሁሉ የሚያደርገው በራሱ ልማድ ነው። በጣና ዳር በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት፣ በገዳማቱ ሥርዓት መሠረት፣ እርሻ አይታረስም። ቡናው በደን ጥላ ሥር ይበቅላል። የወደቀ ዘር ይበቅላል፣ ብርሃን ባገኘበት ችግኝ ይነሣል፣ ቅጠሉም ወደ መሬት ይመለሳል። ደን ለተክሎቹ ቦታ የሚያቀያይረው እንዲህ ነው። ጓሮ ግን ደን አይደለም፤ ቦታውን የሚያቀያይርለት ሰው ያስፈልገዋል።

አሮጌ ረድፍ ያላችሁ ሁሉ ጣሳዎቹን በጥር አዘጋጁ። ውጤቱ ለመትከያ ወቅት ይደርሳል፤ በዚያው ሐምሌ የተተከለው አዲስ ጌሾም በሦስተኛው ክረምት ለለቀማ ይበቃል፣ አሮጌው እስከዚያ እየሰጠ ይቆያል።